ከኅዳጉ ሰባት ምት ገባ ብሎ

በእኔ ላይ የተፈረደው በሰባት ባዶ ቦታ ነው። ከፈረዱት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉትም መፍረዳቸውን ረስተዋል። እኔ አልረሳሁም። ይህን የምጽፈው ይቅርታ እንዲጠይቁኝ ብዬ አይደለም። በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ከሰው ይልቅ እንደሚቆይ ስለማውቅ፣ የእኔም ቃል በወረቀት ላይ እንዲሰፍር ነው።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። በየትኛው እንደሆነ አልናገርም። የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል፤ ለዛሬ ሰው ደግሞ አይጠቅመውም። ክፍላችን ውስጥ ሦስት የጽሕፈት መኪናና ሦስት ሴቶች ነበርን። አንደኛዋ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡት ዋና ጸሐፊ ናቸው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ሦስተኛዋ ከሺንሺቾ የመጣች፣ በሁለት ዓመት የምበልጣት ልጅ ነበረች፤ ጓደኛዬ እላት ነበር። ስሟን አልጠራም። ዛሬ ስሟን በክብር የሚጠሩላት ብዙ ናቸው።

የጽሕፈት መኪና ላላየ ሰው ጥቂት ላስረዳ። ወረቀቱን ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን ክፍል ጋሪ እንለው ነበር። መስመሩ ሲያልቅ ጋሪው በእጅ ይገፋል፤ ግራ ኅዳጉን በሚጠብቅ ብረት ተገትቶ ይቆማል። አዲስ አንቀጽ ደግሞ ከኅዳጉ ገባ ብሎ መጀመር አለበት። ዋና ጸሐፊዋ ያስተማሩን፣ ረጅሙን የክፍተት መምቻ በአውራ ጣት አምስት ጊዜ እየመታን እንድንገባ ነው። ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር ሲመጣ የባሰ ነበር። ጽሑፉ ከቁጥሩ ሥር እንዳይገባ በየመስመሩ መጀመሪያ አሥር፣ አሥራ አንድ ጊዜ እንመታለን። ቀኑን ሙሉ ባዶ ቦታ ስንጽፍ የምንውል ይመስለኝ ነበር።

እኔን ይህ አናደደኝ። ከመኪናው ጋር የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ አገኘሁ። ሥዕል ነበረው። መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ አንዱን ገጽ በሦስትና በአራት ቀን እየፈታሁ ጨረስኩት። ከጋሪው ጀርባ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ትናንሽ ብረቶች አሉ። አንዱን በፈለግሁበት ቦታ ካቆምኩት፣ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስጫን ጋሪው በራሱ ሮጦ እዚያ ይቆማል። ለአንቀጽ አንድ ብረት አቆምኩ፤ ለቀንና ለደብዳቤ ቁጥር ሌላ፤ ለፊርማ ቦታ ሌላ። ለዝርዝሩ የሠራሁት ግን መጽሐፉ ላይ እንኳ አልነበረም። ግራ ኅዳጉን ራሱን ወደ ውስጥ አመጣሁት። ከዚያ በኋላ ጋሪውን በመለስኩ ቁጥር መስመሩ ሁሉ ሳልነካው ገባ ብሎ ይጀምራል፤ ለቁጥሩ ብቻ የኅዳጉን መልቀቂያ ተጭኜ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ቁጥሮቹ ከውጭ በአንድ ልክ፣ ጽሑፉ ከውስጥ በአንድ ልክ ይቆማል። በደንብ የታጠረ ግቢ ይመስላል።

«ምንድን ነው ይሄ የሚያፏጨው?» አሉ ዋና ጸሐፊዋ፣ ጋሪው ሲሮጥ ሰምተው።

«ታብ ነው፣ እትዬ። አንዴ ብቻ ነው የምመታው።»

«የሰነፍ ዘዴ! እኔ ይኸው ስንት ዓመት በጣቴ ቆጥሬ ነው እዚህ የደረስኩት። አንቺ አማርኛው ሳይፈታልሽ መኪናውን ልታስተምሪን ነው?»

አማርኛዬ የሆሳዕና አማርኛ ነው፤ እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጓደኛዬ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። የእሷ አማርኛ ከእኔ የተሻለ እንዳልነበር ልብ በሉልኝ፤ በቤቷ ከምባትኛ፣ በቤቴ ሀዲይኛ ነበር የምንናገረው። ቢሆንም ዋና ጸሐፊዋ ለምሳ ሲወጡ ወደ እኔ መጣችና «እስቲ አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። የእሷንም መኪና ልክ እንደ እኔው አድርጌ አቆምኩላት። አንድ መጥፎ ልማድ ግን አልተዋትም። ታቡን ከመታች በኋላ የክፍተቱን መምቻ አንድ ጊዜ ጨምራ ትነካለች።

«ቆሟል እኮ፤ ለምን ትጨምሪያለሽ?» አልኳት።

«ልቤ አያምነውማ! ብረት አይደል? ቢሸውደኝስ?»

«ስምንት ሆነብሽ።»

«ሞኝ! አንድ ምት ማን ይቆጥራል?»

የእኔ አንቀጽ የሚጀምረው ከሰባት ምት በኋላ ነበር። አምስት የነበረውን ሰባት ያደረግሁበትን ምክንያት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። የአባቴ ጣት ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ የምእመናኑ ሽማግሌም ነበር። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከልጅ ልጆቹ እኩዮች ጋር ተቀምጦ ነው። በታይፕ የተጻፈ ነገር ቀስ እያለ ያነብ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንለትም። ሲያነብ ወረቀቱን በግራ እጁ ኅዳግ ላይ ይይዛል፣ አውራ ጣቱንም መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሳርፋል። መሬት ሲቆፍርና እንሰት ሲተክል የኖረ ሰው ጣት ነው፤ ወፍራም ነው። አንቀጹ በአምስት ምት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ከጣቱ ሥር ይደበቁበትና መጀመሪያውን ሲፈልግ ይቆያል። አንድ ቀን ጣቱን በወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ሳለ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ መሥሪያ ቤት ወስጄ ቆጠርኩት። ሰባት ሆነ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ በአባቴ ጣት ልክ ቆመ። የመንግሥት ደብዳቤም፣ ማስታወቂያም፣ ስብሰባ ጥሪም በዚያ ልክ ወጣ። ማንም አላወቀም። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነበር።

በዚያ ጊዜ የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር። ሰዎች በየቤቱ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባሉ ቤቶች ይሰበሰቡ ነበር፤ ጓደኛዬም አብራን ትመጣ ነበር። መዝሙሩ እንዳይረሳ በምሳ ሰዓት እኔ እጽፈው ነበር፤ በካርቦን አራት አራት ቅጂ፣ ሀዲይኛውን በአማርኛ ፊደል። የየስንኙ ቁጥር ከውጭ፣ ግጥሙ ከውስጥ። ቅጂዎቹ በቀሚስ ውስጥ፣ በቆጮ መጠቅለያ ውስጥ እየተላለፉ እስከ ሆመቾ ይሄዱ ነበር። ይህን የማነሳው ተመስገኚ እንድባል አይደለም። ሰዎቹ የእኔን ገጽ መልክ እንዴት እንዳወቁት እንዲታወቅ ነው። የሰው የእጅ ጽሑፍ እንደሚታወቅ የእኔ ኅዳግ ይታወቅ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ለጸሎት ከተሰበሰቡበት ቤት ተወሰዱ። አባቴ ከአራቱ አንዱ ነበር።

አምስት ወር ታሰሩ። ስንቅ አመላልስ ነበር፤ ሳህኑን ተቀብለው ሳህኑን ይመልሱልኛል፤ እሱን አያሳዩኝም። ከአራቱ አንዱ ከአንጋጫ ወገን የሆኑ መምህር ነበሩ። በምርመራው ጠረጴዛ ላይ የጠቆመባቸውን ወረቀት ተገልብጦ አዩት። ፊርማ የለውም። ቃላቱን ለማንበብ ጊዜ አልሰጧቸውም፤ መልኩን ግን አዩ። ቁጥሮቹ ከውጭ፣ ጽሑፉ ከውስጥ፣ አንቀጹ ርቆ የገባ። እሳቸውም በእስር ክፍላቸው ውስጥ ለሌሎቹ፣ በአባቴ ፊት፣ «ይህ የልጃችን እጅ ነው» አሉ። መምህር ናቸው፤ የተማሪ ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ናቸው። ማን ይጠራጠራቸዋል?

ከተፈቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን የመምህሩ ሚስት ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ለጊዜው ከኅብረቱ ታግደሻል» አሉኝ።

«ምን አድርጌ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ አላውቅም! ንገሩኛ!»

«ጽሕፈትሽ ተናገረ። ለጌታ ንገሪው፣ ለእኔ አይደለም።»

በእኛ ዘንድ የታገደ ሰው ቁርባን አይቀበልም፣ አያዘምርም፣ ንስሐ እስኪገባ በኋላ ወንበር ይቀመጣል። ወንበር በሌለበት ዘመን ግን መታገድ ሌላ ነው። የሚሰበሰቡበትን ቤት አይነግሩኝም ማለት ነው። በየሳምንቱ ቤቱ ይቀየራል፤ አባቴ ጋቢውን ለብሶ ይወጣል፤ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረኝም። እኔም አልጠይቅም። ብጠይቅ ለመጠቆም ነው እንዳይሉኝ።

አባቴ አልሰደበኝም። ከእጄ በላ፣ ከእጄ ጠጣ። የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ በሰሜን ወታደር ነበር፤ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ይልካል፣ በእጅ ጽሑፍ። ፖስታውን ቀድጄ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ከእስር ከወጣ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ እንዲያነብለት ወደ ጎረቤታችን ሄደ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ወንድሜ በሕይወት መኖሩን የምሰማው ጎረቤታችን በአጥር በኩል ጮክ ብሎ ሲነግረኝ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፤ በቤቱ ውስጥ ሁለት ብቻ ነበርን።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ መጣች። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ማንም ምንም ቢል እኔ እርግጠኛ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እርግጠኛ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ለፍቅር ቆጠርኩላት። ቅቤ አምጥታልኝ ነበር፤ በላሁት።

የጠረጠርኩት ዋና ጸሐፊዋን ነው። ማታ ስወጣ ብረቶቼን ሳላነሳ ነበር የምሄደው። ጠንቃቃ ታይፒስት ያቆመችውን አንስታ ትሄዳለች፤ እኔ በኩራቴ እንደቆመ እተወው ነበር። ስለዚህ መኪናዬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ባይፈልግም በእኔ ልክ ይጽፋል ብዬ አሰብኩ። ለዓመታት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳልላቸው አብሬያቸው ሠራሁ። ሲዛወሩ ሠራተኛው ሁሉ ሸኛቸው፤ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በኋላ እንደሞቱ ሰማሁ። ይህ የእኔ ዕዳ ነው፤ አልክደውም።

ጓደኛዬ የመሥሪያ ቤቱን ሹም ዘመድ አግብታ፣ የተሻለ ቦታ ተሰጥቷት ከክፍላችን ወጣች። እኔ ቀረሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ይሆናል፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣራ አፈሰሰ። ፋይሎቹ በሰበሱ። ወረቀቱን እያወጣን በስብሰባ አዳራሹ ወንበሮች ላይ አንድ በአንድ እንድናሰጣ ታዘዝን። እህል እንደሚሰጣ ወረቀት ስናሰጣ ዋልን። በሁለተኛው ቀን የእኔን የሚመስል ገጽ በእጄ ገባ። የካርቦን ቅጂ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም በውሃ ተዘርግቷል። አራት ስም። አባቴ ሦስተኛው ቁጥር ላይ፣ ከአጥሩ ውስጥ፣ በሥርዓት ቆሟል።

ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ አልነበረም። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መቁጠር ነው። አንቀጹ የገባው ስምንት ነው። ሁለተኛውም አንቀጽ ስምንት። የመጨረሻውም ስምንት። ራሴ የጻፍኩትን አንድ የስብሰባ ጥሪ አምጥቼ በመስኮቱ መስታወት ላይ ደራርቤ ያዝኳቸው። ዝርዝሩ በዝርዝሩ ላይ ልክ ገጠመ። አንቀጾቹ ግን በየቦታው በአንድ ምት ተዛነፉ። በመኪናዬ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ሰባት ይሆን ነበር፤ ዋና ጸሐፊዋ በራሳቸው መኪና ቢጽፉት አምስት ይሆን ነበር። ስምንት የሚጽፍ አንድ እጅ ብቻ ነው። አንድ ምት ማን ይቆጥራል ያለችው እጅ።

ሁለቱንም ወረቀት በቀሚሴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ለራሴ ብዬ የወሰድኩት ነገር ያ ብቻ ነው።

አባቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰውነቱም አልቋል። አጠገቡ ተንበረከክሁና የእኔን ወረቀት ግራ እጁ ላይ አስያዝኩት። ጣቱን ያሳርፍና የእኔ ፊደል ልክ ከጥፍሩ አጠገብ ይጀምራል፤ ከዚያ ያኛውን ሳስይዘው በጣቱና በፊደሉ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ያኔ ያያል። መንገዱን ሁሉ ስመጣ ያሰብኩት ይህን ነበር። ከራሱ ጣት የበለጠ ምን ምስክር አለ?

ጣቱን አሳረፈ። ክፍተት ቀረ። በእኔው ወረቀት ላይ።

ጣቱ ከስቶ ነበር። አሥር ዓመት አልፎበታል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ያነበበው ነገር ስላልነበረ አላየሁትም። ሁለተኛውን ወረቀት አስያዝኩት፤ እዚያም ክፍተት ቀረ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ በሀዲይኛ።

«አይደሉም፣ አባባ! ይሄኛው ሰባት ነው፤ ያኛው ስምንት ነው። ሰባቱ ያንተ ጣት ነው። ጣትህን ለክቼ ነው ያቆምኩት። ያን የጠቆመብህን ወረቀት ሌላ ሰው ነው የጻፈው፤ ማን እንደሆነች ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

«ለምን?»

ወረቀቶቹን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። እኔ አሥር ዓመት የያዝኩትን ሁሉ ልናገር ስል ቀደመኝ።

«ይህን አንቺ አልጻፍሽውም» አለ። «አምኛለሁ። ሌሎቹንስ?»

«የትኞቹን?»

«የሌሎቹን አባቶች።»

እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ እችል ነበር፤ የሚያየኝ የለም። በዚያ መኪና ላይ ከእጅ ጽሑፍ እየተሰጠኝ የገለበጥኳቸው የስም ዝርዝሮች ነበሩ። ከሆመቾ፣ ከአንጋጫ፣ ከከተማው ቀበሌዎች። ቁጥሩ ከውጭ፣ ስሙ ከውስጥ፣ አንዱም ሳይዛነፍ። ሰዎቹ ለምን እንደሚፈለጉ አልጠየቅሁም። እሱ በታሰረበት በአምስቱ ወር ውስጥም ጽፌያለሁ። የታይፒስት ሥራዋ መጻፍ ነው ብዬ ነበር፤ አሁንም ይህን እላለሁ። ለአባቴ ግን ይህን አላልኩትም።

በልቤ ተቆጣሁ። ዛሬም ቁጣው አልወጣልኝም። ንጹሕ መሆኔን ይዤ ሮጬ ስመጣ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ደስ ሳያሰኘኝ ሌላ ነገር አመጣብኝ። ወደ ጓደኛዬም ያልሄድኩት ለዚህ ነው። ሄጄ «የአባቴን ስም እንዴት ጻፍሽ?» ብላት፣ የምትመልስልኝን ቃል፣ «አንቺስ የሌሎቹን አባቶች?» የሚለውን፣ ከአባቴ አፍ ሰምቼው ነበር። መምህሩ አርፈው ነበር፤ ሚስታቸው እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቁኝም። ጸሎት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ጓደኛዬ በፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወጣት ሴቶችን የምትመክረው እሷ ናት። እኔ የምቀመጠው በኋለኛው ነው፤ ማንም ነይ ወደፊት አላለኝም፣ እኔም አልሄድኩም። ሁለቱ ወረቀቶች በእጄ ናቸው። ይህን ካነበበች መቁጠር ትችላለች።

ያን ቀን ግን አባቴ ትንሽ ቆይቶ እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ። የወንድሜን ፖስታ አወጣ። ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ጫፉ አልተቀደደም።

«አንብቢልኝ» አለ።

ቀደድኩት። የወንድሜ ጽሑፍ ከኅዳግ እስከ ኅዳግ የተጨናነቀ ነው፤ አንቀጽ አያውቅም፤ ወረቀት እንዳይባክን ነው መሰለኝ። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀምሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ፣ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ጠይቆ ያበቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት።

ስላመነኝ የሰጠኝ እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤታችን በዚያ ሳምንት ሆመቾ፣ ልጁ ዘንድ፣ ሄዶ ነበር።